ሦስተኛው ዙር

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ተወዳዳሪዎች አይደለም። እንጀራቸውን በሌላ ሥራ ስለሚበሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ወይም ከቢሮ መልስ ፔዳል ስለሚረግጡና ዝም ብሎ መንዳት አልበቃ ብሏቸው ኢንተርቫል ስለጀመሩ ሰዎች ነው። ጥቂት ደቂቃ በኃይል መንዳት፣ ጥቂት ማረፍ፣ እንደገና በኃይል መንዳት፤ ነገሩ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁለት ወር ያህል ከሠራ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚያሠቃየኝ?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። እስከ መጨረሻው ነው። ሥቃዩ አይቀንስም፤ በዚያው ሥቃይ የምትደርሱበት ፍጥነት ነው የሚጨምረው። ይህን የሰማ ጀማሪ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ግን ቀድሞ ቢነገረው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ብዙ ሰው ልምምዱን የሚተወው ሰውነቱ እምቢ ብሎት ሳይሆን «ይኸው ዛሬም አመመኝ፤ ስለዚህ አልተለወጥኩም» ብሎ ስለሚደመድም ነው።

ድምዳሜው ለምን ስሕተት እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊዘልቅበት የሚችለው ጉልበት 200 ዋት ነው እንበል። ይህችን ቁጥር ኤፍ ቲ ፒ ይሏታል፤ በተለመደው መንገድ የምትገኘው 20 ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይል ነድቶ ከአማካዩ 95 በመቶውን በመውሰድ ነው። ፕሮግራሙ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ በ110 በመቶ ይላል፤ 220 ዋት ማለት ነው። ሁለት ወር ለፍቶ ኤፍ ቲ ፒው 210 ቢደርስ ደስ ይለዋል፤ በማግሥቱ ግን ፕሮግራሙ 231 ዋት ይጠይቀዋል። ድካሙ የሚለካው ከራሱ ጣሪያ አንጻር ስለሆነ ጣሪያው ሲነሣ ድካሙም አብሮ ይነሣል። የድሮውን 220 ዋት ቢነዳው ኖሮ ቀሎት ባገኘው ነበር። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚነዳው ሰው ግን የለም። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አልፎ አልፎ የዛሬ ሁለት ወር የነበረውን ፕሮግራም በዚያው በድሮው ዋት ንዱት። ለውጡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ አመጣጡ ጥቂት ልመለስ። ኢንተርቫልን ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጀርመን የነበሩት አሠልጣኙ ቮልዴማር ጌርሽለርና የልብ ሐኪሙ ሃንስ ራይንዴል ናቸው። ሯጩ የልብ ምቱ 180 ገደማ እስኪደርስ ይሮጣል፤ ከዚያ ወደ 120 እስኪወርድ ያርፋል፤ እንደገና ይነሣል። እነርሱ ዋናውን ቦታ የሰጡት ለሩጫው ሳይሆን ለእረፍቱ ነበር። የጌርሽለር ተማሪ ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 ሚላን ላይ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሰከንድ ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆየ። ስለ እረፍቱ የሰጡት የሕክምና ማብራሪያ ሁሉ ዛሬ አይጸናም። ለእረፍቱ የሰጡት ክብር ግን ትክክል ነበር። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ሳይግል ሁለተኛውን ሊጥ ብታፈስ ዓይን የሌለው እንጀራ ታወጣለች፤ እረፍቱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ዙር የሚሮጥ ብስክሌተኛም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ጀግንነት ይመስለዋል እንጂ ቀጣዩ ዙር ኢንተርቫል መሆኑ ቀርቶ መንፏቀቅ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዙሩ ርዝመት ብዙ ተጠንቷል። ጂም ውስጥ «ታባታ» እየተባለ የሚሠራው 20 ሰከንድ ሥራና 10 ሰከንድ እረፍት መነሻው ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ በ1996 ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው በወለል ላይ ዝላይ ሳይሆን በቋሚ ብስክሌት ላይ እንደነበር፣ ሰዎቹም ከሰባትና ከስምንት ዙር በላይ መቀጠል እስኪሳናቸው ድረስ ይረግጡ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ኖርዌያዊው ቤንት ሮኔስታድና ባልደረቦቹ በሠለጠኑ ብስክሌተኞች ላይ ያደረጉት የአሥር ሳምንት ጥናት ይመስለኛል። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አምስት ደቂቃ ነዳ። ሌላው 30 ሰከንድ በኃይል፣ 15 ሰከንድ ቀለል አድርጎ፣ ይህንኑ 13 ጊዜ ደጋግሞ ሦስት ዙር ሠራ። ሁለቱም የሚችሉትን ያህል እንዲለፉ ነበር የተነገራቸው። የአጭሩ ቡድን ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም በአማካይ በ8.7 በመቶ ሲያድግ የረጅሙ በ2.6 በመቶ ብቻ አደገ። ፊዚዮሎጂውን ለባለሙያ ልተወው። እንደ አንድ ተራ ነጂ የምለው፣ አእምሮ ለ30 ሰከንድ ይታለላል፤ ለአምስት ደቂቃ አይታለልም።

አሁን ወደ አእምሮው እንግባ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

አራት ዙር ባለው ፕሮግራም ሰው እጅ የሚሰጠው የት ላይ ነው? አራተኛው ላይ አይደለም፤ የመጨረሻው ስለሆነ እንደምንም ይወጣዋል። የመጀመሪያው ላይ ገና ትኩስ ነው፤ ሁለተኛው ላይ እልህ አለው። ሦስተኛው ዙር እኩሌታው ላይ ግን አእምሮ ሒሳብ ይጀምራል። «ይኼ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ አለ።» ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ጊዜውን አለመምረጡ ነው ክፋቱ። ከሒሳቡ ቀጥሎ ሰበቡ ይመጣል። የኋላ ጎማው የጎደለ ይመስላል። ጉልበት ላይ የሆነ ነገር ቆረጥ ያደርጋል። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ። ሕፃኑ ሲያለቅስ አድሮ እንቅልፍ አልነበረም። የሚገርመኝ አብዛኛው ሰበብ እውነት መሆኑ ነው።

ያቋረጠ ሰው ራሱን «ሰነፍ» ብሎ ይሳደባል፤ ጓደኞቹም ያግዙታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ዌልስ በሚገኘው ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 ያሳተመው ጥናት አለ። 16 ሰዎች በአንዱ ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ ሠሩ፤ በሌላው ቀን ይህንኑ ያህል ጊዜ ስሜት የማይቀሰቅስ ዘጋቢ ፊልም ሲያዩ ቆዩ። በሁለቱም ቀን ቀጥሎ ከከፍተኛ ጉልበታቸው 80 በመቶ ላይ እስኪያቅታቸው ብስክሌት ረገጡ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ፤ አእምሯቸው በደከመበት ቀን 640። ልባቸውና ሳንባቸው ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆን ነገር አላሳዩም። የተለየው ሲረግጡ የተሰማቸው የድካም መጠን ነበር፤ ያው ዋት ከብዶ ተሰማቸው።

እንግዲህ አስቡት። ቀኑን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ሲያመሳክር የዋለ፣ የፈተና ወረቀት ሲያርም የዋለች፣ ከዚያም መገናኛ ላይ ከትራፊክ ጋር ተናንቆ ቤቱ የደረሰ ሰው፣ በዚያው ምሽት 231 ዋት ቢያቅተው የባሕርይ ጉድለት ነው? ከእኛ አገር ወጥቶ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ለመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይን የመሰለ ባለሙያ ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚጠበቅበት ሥራ መብላትና መተኛት ነው። የእኛ ሁለተኛ ሥራ ሌላ ነው፤ አንዳንዴም ሦስተኛ አለ። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፦ ከባዱን ኢንተርቫል ጭንቅላታችሁ ገና ሥራ ባልያዘበት ጠዋት አድርጉት። ከአድካሚ የሥራ ቀን በኋላ ብስክሌት መውጣት ካማራችሁ ቀለል አድርጋችሁ ንዱ፤ ዋት አትቁጠሩ።

ማርኮራ ከባልደረባው ስታያኖ ጋር ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። አሥር የራግቢ ተጫዋቾች በአማካይ 242 ዋት ላይ አቅቷቸው እስኪያቆሙ ነዱ። ባቆሙበት ቅጽበት ለአምስት ሰከንድ ብቻ ያላቸውን ሁሉ እንዲያወጡ ተጠየቁ፤ በአማካይ 731 ዋት አወጡ። «አየህ፣ ድካም ውሸት ነው፤ ሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ነው» የሚሉ አሠልጣኞች ይህችን ቁጥር ይወዷታል። እኔ አልወድላቸውም። የአምስት ሰከንድ ፍንጥር ጉልበት የሚመነጨው ከሌላ ቋት ነው፤ አምስት ሰከንድ መቻል ሌላ አራት ደቂቃ መቻል አይደለም። ከሙከራው የምወስደው አነስ ያለ ነገር ነው፦ «አለቀልኝ» የምንልበት ቦታ ጡንቻው ባዶ የሆነበት ቦታ አይደለም። መሐል ላይ ጥቂት መሬት አለች፤ የሦስተኛው ዙር ትግል የሚካሄደውም በእርሷ ላይ ነው።

በዚያች መሬት ላይ ምን ይሠራል? ራስን ማናገር ይሠራል። ይህ የአነቃቂ ተናጋሪዎች ወሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ተለክቷል። ብላንችፊልድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት 24 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ሲነዱ ለራሳቸው የሚሉትን ማበረታቻ መርጠው እንዲለማመዱ አደረጉ። እስኪያቅታቸው የሚቆዩበት ጊዜ በ18 በመቶ ገደማ ረዘመ፤ የሌሎቹ አልተለወጠም። ቆይቶ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 16 ወንዶችን 10 ኪሎ ሜትር አስነድቶ፣ ራሳቸውን «አንተ» እያሉ ያናገሩበት ቀን «እኔ» ካሉበት ቀን በ2.2 በመቶ ፈጥነው መግባታቸውን አሳየ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ዳገት ላይ ራሱን «አይዞህ» ሲል የኖረ ሕዝብ ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ ደርሶበታል። ቃሉን ግን አስቀድማችሁ ምረጡት። ሦስተኛው ዙር ላይ ደርሶ ቃል መፈለግ አይቻልም፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ስድብ ነው።

ስለ ቁጥር አንድ ሁለት ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል፤ አሁን አሁን የሰውን ሞራል ከዳገት በላይ የሚሰብረው መሪው ላይ የተሰካችው ትንሽ መስኮት ሆናለችና። ጥሩ የሚባለው የዋት መለኪያ እንኳ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። 200 ዋት ላይ ይህ እስከ አራት ዋት ነው። ከሳምንት ሳምንት ሦስት ዋት ወረድኩ ብሎ የሚያዝን ሰው መሣሪያው ሲወዛወዝ አይቶ ነው የሚያዝነው።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ 3,000 ያልፋል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ብስክሌት ላይ የሚያወጣው ዋት ዝቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ለንደን ወይም ዱባይ ያለ ዘመዳችሁ ስልኩ ላይ የሚለጥፈውን ዋት ከእናንተው ጋር አታስተያዩ፤ እየነዳችሁ ያላችሁት በተለያየ አየር ውስጥ ነው። ደግሞም የሳሳ አየር በሌላ በኩል ይክሳል፦ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ነፋስም ይቀንሳል። ብስክሌተኛው ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰንን፣ ማለትም በአንድ ሰዓት የሚነዳውን ረጅሙን ርቀት፣ ሊሰብር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚሁ ነበር፤ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነዳ። በሰንዳፋ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ ዋቱ ያነሰባችሁ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

እግረ መንገዴን፣ ከባድ ዙር ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ይጠብባል፤ ከፊት ጎማው በቀር አያይም። ሚኒባስ ሰው ሊጭን ድንገት በሚቆምበት መንገድ ላይ ይህን ማድረግ እብደት ነው። እንጦጦ ዳገትም ቢሆን መውጫው ኢንተርቫል፣ መውረጃው እረፍት ይሁን ብላችሁ አታስቡ፤ ያንን ቁልቁለት በደነዘዘ እጅ ፍሬን ይዞ መውረድ እረፍት አይባልም። ቤት ውስጥ በቋሚ መርገጫ ላይ፣ ወይም እሑድ ገና ሲነጋ፣ ይሻላል።

አሁን ወደ አእምሮው ልመለስና ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። ግሬም ኦብሪ ስኮትላንዳዊ ብስክሌተኛ ነው። በ1993 ክረምት አማተር ነበር፤ የብስክሌት ሱቁ ከስሮበት ዕዳ ነበረበት። የአንድ ሰዓቱ ክብረ ወሰን በጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዜር እጅ ነበር፤ 51 ኪሎ ሜትር ከ151 ሜትር። ኦብሪ ራሱ በገጣጠማት ብስክሌት አምሳል የተሠራለትን አዲስ ብስክሌት ይዞ ሐምሌ 16 ቀን (እ.ኤ.አ.) ሐማር፣ ኖርዌይ ላይ ሞከረና ሳይሳካለት ቀረ። እንዲህ ያለ ሙከራ ያደረገ ሰው ለቀናት ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። እርሱ ግን በማግሥቱ ጠዋት እንደገና እሞክራለሁ አለ። ጡንቻው እንዳይተሳሰር ሌሊት እየተነሣ ማፍታታት ነበረበት፤ ለመነሣት ደግሞ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ተኛ፤ ፊኛው ቀሰቀሰው፣ አፍታታ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ጠዋት የራሱን አሮጌ ብስክሌት ይዞ ገባና 51 ኪሎ ሜትር ከ596 ሜትር ነዳ። ክብረ ወሰኑ በእጁ የቆየው ስድስት ቀን ነው፤ ሌላ ብስክሌተኛ፣ ክሪስ ቦርድማን፣ ቦርዶ ላይ ወሰደበት። በቀጣዩ ዓመት ኦብሪ መልሶ ነጠቀው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሰሚውም «ጭንቅላት ካለ ሁሉ ይቻላል» ብሎ ይሄዳል። እኔ እዚህ ላይ ላቆመው አልፈልግም። ኦብሪ በ2003 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለዓመታት ከከባድ ድብርት ጋር መታገሉን፣ ሕይወቱን ለማጥፋት መሞከሩንም ሳይደብቅ ጽፏል። ሐማር ላይ ሌሊቱን ያሸነፈው አእምሮና ከብስክሌት ወርዶ ሲሠቃይ የነበረው አእምሮ የአንድ ሰው ናቸው። ኢንተርቫል ላይ ብርቱ መሆን ለዚያኛው ሕመም መድኃኒት አልሆነለትም። በእኛም መካከል የሕይወቱን ጭንቀት በሙሉ ወደ ፔዳል አምጥቶ የሚያራግፍ ሰው አለ። እስከተወሰነ ድረስ ይሠራል። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ የሚወደው መንዳት ራሱ ሳምንታት ሙሉ ሲያስጠላው ግን የፕሮግራም ለውጥ አይፈታውም። አንድ ዙር ማቋረጥና ይህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህኛው ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው፤ ለጉልበታችን ስንሄድ እንደማናፍረው ሁሉ።

ለውጥ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ ለሚለው፣ ከድሮው ፕሮግራም ሌላ እኔ የማምነው ሁለት ምልክት ነው። አንዱ በእረፍቱ ጊዜ የልብ ምታችሁ የሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ የዋት መለኪያ መግዣ ለሌለው ሰው ይህ ነፃ ነው፤ የእጅ ሰዓትና ሁለት ጣት ይበቃል። ሌላው አራተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር መቀራረቡ ነው። የመጀመሪያው 250፣ የመጨረሻው 190 ከሆነ ኢንተርቫል አልሠራችሁም፤ አንዴ ፎክራችሁ ሦስቴ ተቀጣችሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሒሳቡ ሲጀምርም ይህን ሞክሩ። አታቁሙ፤ አሥር ዋት ቀንሱና ደቂቃውን ጨርሱ። ከእረፍቱ በኋላ አራተኛውን አንድ ደቂቃ ብቻ እነዳለሁ ብላችሁ ጀምሩ። አንድ ደቂቃ ነድታችሁ አሁንም ካቃታችሁ ማርሹን አቅልላችሁ ወደ ቤት ሂዱ፤ ያ ቀን ተሠርቷል። ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ደቂቃ የነዳ ሰው አይቆምም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስለ ኮርቻ ሕመም የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ያንን ከእኔ አብልጦ የሚያውቀው ወንድማችን እዚያ ጥግ ቆሞ ነው የሰማን፤ ለምን መቀመጥ እንዳልፈለገ እርሱን ጠይቁት።